ሜዳ ላይ ለማድፈጥ የቱ ይሻላል? በጅማ ዙሪያ የውሃ ወፎችን ለሚጠብቁ የተንቀሳቃሽ ማድፈጫዎች ንጽጽር

ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በቦዬ ረግረግ ዳር ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ማለዳ የቆመ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የግብፅ ዝዮች ከላሞቹ መካከል፣ ከእረኛው ልጅ 30 እርምጃ ብቻ ርቀው፣ በእርጋታ ሣር ይግጣሉ። ልጁ ሲዘፍን አይደነግጡም፤ በትሩን ሲወዘውዝ አንገታቸውን ቀና አድርገው መልሰው ይደፋሉ። እኔ ግን ካሜራዬን አቅፌ 100 እርምጃ ርቄ ጎንበስ ስል ሁሉም መግጣቸውን ያቆማሉ፤ በደረቴ መሳብ ስጀምር ተነሥተው ወደ ረግረጉ ማዶ ይሻገራሉ። የቆመ እረኛ በየቀኑ ያያሉ። አድብቶ የሚሳብ ፍጡር ግን ለእነርሱ አውሬ ነው።

በዚህ ሜዳ ላይ ማድፈጫ፣ ማለትም ወፎቹን ሳናስደነግጥ ለማየት የምንደበቅበትን ነገር፣ ስንመርጥ የምንመልሰው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ወፎቹ የሚያውቁትን መልክ መያዝ እንችላለን ወይስ ከዐይናቸው ጨርሶ መጥፋት አለብን? እያንዳንዱ ማድፈጫ ከሁለቱ ለአንዱ የተሠራ ነው። ሰው ገንዘቡን ከስክሶ የሚያዝነውም ለመጥፋት የተሠራውን መጥፋት በማይቻልበት ቦታ ሲተክለው ነው።

ዛሬ በገበያ የሚገኙት ተንቀሳቃሽ ማድፈጫዎች አብዛኞቹ የተወለዱት ከዳክዬና ከዝይ አደን ነው። በሰሜን አሜሪካ ዝዮች ብርዱ በሚገባባቸው ወራት ሰብሉ በተነሣበት የበቆሎና የስንዴ ማሳ ላይ ወርደው የረገፈውን ፍሬ ይለቅማሉ። ማሳው ደግሞ ዛፍም ቁጥቋጦም የሌለው ዝርግ ሜዳ ነው። አዳኞቹ እንዲህ ባለ ገላጣ ቦታ የሚደበቁበትን ዘዴ ለብዙ ዓመታት ሲያሻሽሉ ኖረዋል፤ የወፍ ፎቶ አንሺዎችና ቆጣሪዎችም ዘዴውን ወስደው ከጠመንጃ ይልቅ ሌንስ አስገቡበት። እኔም የምጽፈው ለእነዚህኛዎቹ ነው። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ዳክዬና ዝይም በብዙ ቤተሰብ ማዕድ ላይ የማይቀርቡ በመሆናቸው የእኛ ሜዳ ወፎች ለሰው የሚያሳዩት ትዕግሥት ተኩስ በለመዱት ወፎች ዘንድ የለም። ይህን ትዕግሥት ማበላሸት ሐዘኑ ለሁላችንም ነው፤ ስለዚህ ምርጫው ከምቾትና ከዋጋ በላይ ይመለከተናል።

የሚያጋልጠን ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ማድፈጫ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው በጨርቁ ላይ የታተመውን ቅጠልና ሸንበቆ ነው። እኔ መጨረሻ ላይ የማየው እርሱን ነው። ከሁሉ በፊት የሚያጋልጠን ቁመት ነው፤ ከቁመት ጋርም ጥላ ይመጣል።

በታኅሣሥ ጅማ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከወጣች አንድ ሰዓት ያህል ሲሆናት ጥላ ከነገሩ ቁመት ወደ 4 እጥፍ ይረዝማል። ወፎቹ በብዛት የሚመገቡትም፣ ብርሃኑ ለፎቶ የሚያምረውም በዚያው ሰዓት ነው። አንድ ሜትር ተኩል የሚቆም ድንኳን 6 ሜትር የሚደርስ ጥቁር ጥላ በሜዳው ላይ ይዘረጋል። ሰው ተኝቶ የሚገባበት፣ ከመሬት 40 ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ የሚል የመኝታ ማድፈጫ ጥላ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። ከላይ እየዞረ የሚወርድ የዝይ መንጋ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ጥላ እንጂ የጨርቁን ሥዕል አይደለም።

ሁለተኛው አጋላጭ ንጣትና ብልጭታ ነው። አዲስ ጨርቅ ያብለጨልጫል፤ በተለይ ጤዛ ሲያርፍበት። አዳኞቹ የገዙትን ማድፈጫ ከመጠቀማቸው በፊት በጭቃ ለቅልቀው ያደርቁታል፤ ሲደርቅም በመጥረጊያ ያራግፉታል። አፈሩ በክሮቹ መካከል ይቀርና ብልጭታውን ይገድላል። ከምትተክሉበት ሜዳ በተወሰደ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ቀለሙም የሜዳው ይሆናል። በዱቄት ሳሙና ማጠብ ግን ጥፋት ነው። ልብስ አንጽቶ እንዲያበራ በሳሙናው የሚጨመረው ነገር በጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ወፎች ደግሞ እኛ የማናየውን የብርሃን ዓይነት ጭምር ያያሉ።

ሦስተኛው እንቅስቃሴ ነው። ይህን ማድፈጫው ሊሸፍንልን ይችላል እንጂ ሊያስቀርልን አይችልም።

የመኝታ ማድፈጫ

ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ሰው በጀርባው ወይም በደረቱ የሚተኛበት፣ ከላይ በሁለት ክንፍ የሚዘጋ ዝቅተኛ ሣጥን ነው ብላችሁ አስቡት። አጥንቱ ከቀላል ብረት የተሠራ ነው፤ ሲታጠፍ በጀርባ ይታዘላል። በጨርቁ ላይ በየቦታው ማሰሪያዎች አሉ፤ የአካባቢውን ገለባና ሣር የምትሰኩት በእነርሱ ነው። አዳኞቹ ዝዩ ሲቀርብ የማድፈጫውን ክንፎች በርግደው ቁጭ ይላሉ። ፎቶ አንሺ ግን መነሣት አያስፈልገውም፤ ሌንሱን በፊት ለፊቱ ቀዳዳ አውጥቶ ተኝቶ ይጠብቃል። ስለዚህ እኛ ከአዳኞቹ ይልቅ ዝቅ ያለውን መምረጥ እንችላለን።

ሰብሉ ለተነሣበት የጤፍ ማሳ ከዚህ የሚስተካከል የለም። የጤፍ ቆረን፣ ማለትም ከአጨዳ በኋላ መሬት ላይ የሚቀረው አገዳ፣ አጭር ነው፤ ቁመት ያለው ነገር ሁሉ በላዩ ላይ እንደ ምሰሶ ይታያል። የመኝታው ማድፈጫ ግን በትንሽ ጭድ ከተሸፈነ የተረሳ የጭድ ቁልል ይመስላል። ሌላም ትርፍ አለው። ሌንሱ በወፉ ዐይን ትክክል ስለሚሆን ከኋላ ያለው ሜዳ ደብዝዞ ወፉ ብቻ ጎልቶ ይወጣል። ከቆመ ሰው ቁመት የተነሣ የዝይ ፎቶ ሣር ላይ የተለጠፈ ይመስላል፤ ከመሬት የተነሣው ግን ወፏ ዐይን ለዐይን የምታያችሁ ያህል ነው። ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ ያየ ሰው መቆም አይፈልግም።

ችግሩ የጅማ መሬት ነው። ይህ አገር ዝናብ የሚወድ አገር ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ላዩ የደረቀ የመሰለ ሜዳ ሥሩ ውሃ ነው። አንድ ኅዳር ላይ ሌሊት 11 ሰዓት ገብቼ ተኛሁ። መሬቱን በእጄ ዳስሼው ነበር፤ ደረቅ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሰውነቴ ክብደት ውሃውን ከሥር አወጣውና ጀርባዬ ሙሉ በሙሉ ራሰ። ዝዮቹ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሲወርዱ እጄ ከብርዱ የተነሣ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ካነሣሁት ሁሉ አንድም ጥርት ያለ ፎቶ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ከሥሬ በመጀመሪያ ወፍራም ላስቲክ፣ ከዚያ ጭድ፣ ከዚያ ፍራሽ ስፖንጅ ሳላነጥፍ አልተኛም። ከፍታዬ በአንድ ስንዝር ይጨምራል፤ ግን ይሻላል።

ስለ ደኅንነት በግልጽ ልናገር። ቦዬ ጉማሬ የሚኖርበት ውሃ ነው፤ ጉማሬ ደግሞ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ሊነጋጋ ሲል ወደ ውሃው ይመለሳል። ጨለማ ውስጥ በመመለሻው መንገድ ላይ ተኝቶ መጠበቅ ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። በውሃው ዳር የመኝታ ማድፈጫ አትጠቀሙ፤ ተጠቀሙ የሚላችሁንም አትስሙ። በግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ዳርቻም ይኸው ሥጋት አለ። ከውሃው ርቆ በሚገኝ ማሳ ላይ ስትተኙ ደግሞ ሥጋቱ ከብት ነው። ጠዋት የሚነዳ የከብት መንጋ በጭድ የተሸፈነ ነገር ካየ ሊበላው ይመጣል። ስለዚህ የከብቱ ባለቤትና እረኛው የት እንደተኛችሁ ማወቅ አለባቸው፤ በራስጌያችሁም ወፍ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒው ቦታችሁን ለእረኛው የሚያመለክት አንድ የቆመ ዘንግ ትከሉ።

የአጥር ማድፈጫ

ይህ ሁለት ወይም አራት ገጽ ያለው፣ ከላይ እንደ ጎጆ ክዳን የተጠጋጋ ግን ያልገጠመ፣ ውስጡ በርጩማ ላይ የሚቀመጡበት ረጅም ግድግዳ ነው። ሦስት ሜትር ያህል ሲረዝም ሦስት አራት ሰው ይይዛል። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል። በዚህ ቁመት ሜዳ መካከል ሊቆም እንደማይችል ጥላውን ያሰላ ሰው ያውቃል። በእርግጥም መካከል ላይ የሚቆም ነገር አይደለም፤ አንድ የሚጠጋበት ነገር ይፈልጋል። የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ የማሳ ድንበር፣ ቁጥቋጦ የበቀለበት የቦይ ዳር፣ የተከመረ የበቆሎ አገዳ ከሆነ ጥላውም ቅርጹም ከእነርሱ ጋር ይቀላቀላል።

በጅማ ዙሪያ እንዲህ ያለ መስመር ሞልቶ አለ። ማሳዎቻችን ጠባብ ናቸው፤ በየድንበሩ ዛፍ ወይም የቁጥቋጦ አጥር አለ። የሰሜን አሜሪካው አዳኝ ጠርዝ ሲፈልግ ብዙ ርቀት ይሄዳል፤ እኛ በ100 ሜትር ውስጥ እናገኛለን። ስለዚህ በመጽሔትና በቪዲዮ ላይ ያዩትን የመኝታ ማድፈጫ ብቻ የሚመኙ ወዳጆቼን የምመክራቸው ይህን እንዲያስቡ ነው። ተማሪዎችን ይዞ የሚወጣ መምህር፣ ወይም በጥር ወር በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ ላይ ቴሌስኮፕ፣ መዝገብና ሁለት ረዳት ይዞ የሚቀመጥ ሰው ከአጥር ማድፈጫ ሌላ ምርጫ የለውም ማለት ይቻላል። መቁጠር በሹክሹክታም ቢሆን መነጋገር ይፈልጋል፤ ተኝቶ አይቆጠርም።

ጉድለቱ ከላይ መከፈቱ ነው። የሚያንዣብብ መንጋ ከላይ ሲያይ ፊታችሁን ያያል፤ የሰው ፊት ደግሞ ከሩቅ ያበራል። ባርኔጣ አድርጉ፤ ቀና አትበሉ፤ ወፎቹ በራሳችሁ ላይ ሲያልፉ በድምፃቸው ብቻ ተከተሏቸው። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ አንዳንዴ ይሸነፋል አንገቴ።

ሲዘረጋ የሚቆም ድንኳን

ከከረጢቱ ሲወጣ በአንድ ጊዜ የሚወጠር፣ አራት ጎኑም ጣሪያውም የተዘጋ ድንኳን ነው። ወንበር ይገባበታል፣ ዝናብ አያስገባም፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ ግማሽ ቀን ይቀመጡበታል። ጀርባው ለሚያመው ወይም ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህን ምቾት አቃልዬ አላየውም።

ሆኖም በገላጣ ሜዳ ላይ በአንድ ማለዳ የተተከለ ድንኳን ትናንት ያልነበረ ቤት ነው። ወፎቹ እስኪለምዱት ሦስት አራት ቀን መቆየት አለበት። እኛ ጋ ደግሞ ማንም ሳይጠብቀው ሦስት ቀን ሜዳ ላይ የሚቆይ ዕቃ የለም፤ የሚያሳድር ጠባቂ መክፈል ግድ ነው፤ ጠባቂው ደግሞ እሳት ያነድዳል፣ ጓደኛውን ይጠራል፣ ወፎቹም ይርቃሉ። አጥር ያለው ግቢ ወይም ፈቃደኛ ባለ ማሳ ካላችሁ ብቻ ያዋጣል። ከተጠቀማችሁበት አንድ ነገር አትርሱ፦ ከፊት ለፊት ያለውን መስኮት ብቻ ክፈቱ። የኋላውም ከተከፈተ ብርሃን ያልፍና ጥላችሁ በመስኮቱ ውስጥ ሲወዛወዝ ከሩቅ ይታያል።

መረብና ካባ

ተራ መረብ፣ ወይም ቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋበት ካባ። ቀላል ነው፣ በኪስ ቦርሳ ይገባል፣ ከዛፍ ሥር ለሚቀመጥ ሰው ይበቃል። በነፋስ ይርገበገባል፤ የሚርገበገብ ነገር ደግሞ ሜዳ ላይ ምንም ማድፈጫ ካለመያዝ ይብሳል። ለብዙ ሰዓት መጠበቂያ አይሆንም።

ባጃጅ

ይህን በየትኛውም የውጭ መመሪያ ላይ አታገኙትም፤ እኔ ግን ከመኝታው ቀጥሎ አስቀምጠዋለሁ። መኪና ከጥንትም የታወቀ ማድፈጫ ነው፤ ወፎች መኪናውን ያዩታል እንጂ በውስጡ ያለውን ሰው አይቆጥሩትም። በመንገድ ዳር የሚውሉት ወፎች በየቀኑ በርካታ ባጃጅ ሲያልፍ ያያሉ። የሚያውቁት ነገር ስለሆነ እንደ እረኛው ልጅ ያልፉታል። ከላይ ካልኳቸው ሁለት መንገዶች ይህ የመጀመሪያው ነው፤ አትጠፉም፣ ትመሳሰላላችሁ።

ባለ ባጃጁን ቀድማችሁ አነጋግሩት፤ በግማሽ ቀን ተስማሙ። ከወፎቹ በሩቁ ፍጥነቱን ይቀንስ፣ በቀስታ ይጠጋ፣ ሲቆም ሞተሩን ያጥፋ። ሞተሩ እየሠራ ፎቶ አይነሣም፤ ሌንሱ ከንዝረቱ ጋር ይንቀጠቀጣል። ከወፎቹ ተቃራኒ ያለውን ጎን በጠቆረ ጨርቅ ጋርዱት፤ አለበለዚያ ብርሃን ከኋላችሁ ገብቶ መልካችሁን ያወጣዋል። ሌንሱን ሩዝ ወይም ባቄላ በሞላበት ትንሽ ከረጢት ላይ አሳርፉ። ከሁሉ በላይ ግን አትውረዱ። እግር መሬት የነካ ጊዜ ባጃጁ ባጃጅ መሆኑ ያበቃል።

ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ መንገድ በሌለበት አይደርስም፣ ከፍታውም ሌንሱን ከወፉ ዐይን በላይ ያደርገዋል። ሆኖም በራሱ ላይ ወርቃማ የላባ ዘውድ ያለው ያ ጥቁር ረጅም ወፍ ከመንገድ ሳይርቅ ሲመገብ ከባጃጅ ላይ ያነሣሁት ፎቶ በድንኳን ተቀምጬ ካነሣኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል።

በእጅ የተሠራው፦ ጆንያ፣ ሽመልና ቄጤማ

አሁን የልቤን ልናገር። ጅማ የቡና አገር ነው፤ የቡና ጆንያ ደግሞ ለማድፈጫ ተብሎ የተሸመነ ይመስላል። ከቃጫ መሰል ክር የተሠራ በመሆኑ አያብለጨልጭም፤ ቀለሙ የደረቀ ሣርና የጤፍ ቆረን ነው፤ ሸካራ በመሆኑ ገለባ ሲሰካበት ይይዛል፤ በነፋስም አይጮኽም። ማዳበሪያ የምንለው የላስቲክ ከረጢት ግን ፍጹም ተቃራኒው ነው፤ በፀሐይ ያብረቀርቃል፣ ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ሰማያዊውን ሸራ ማንሣትም አያስፈልግም።

ያገለገለ ጆንያ ከሂርማታ ገበያ ወይም ቡና ከሚያዘጋጁ መጋዘኖች ይገኛል። አራት ወይም አምስት ጆንያ በስፌታቸው ይፈቱና በሲባጎ ይገጣጠማሉ። ለመኝታው አራት ቀጭን የሽመል ዘንግ እንደ ቀስት ታጥፎ ሁለቱ ጫፍ መሬት ይሰካል፤ ጆንያው በላዩ ይጣላል፤ ጫፎቹ በካስማ ይያዛሉ። ለአጥር ማድፈጫው ደግሞ ስድስት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ይበቃሉ። ክብደቱ ከተገዛው አይበልጥም፤ ዋጋው ግን ከተገዛው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ቢቀደድ ይሰፋል፤ ቢሰረቅ ያሳዝናል እንጂ አያደኸይም።

ከተገዛው የሚበልጥበት ሌላው ምክንያት የቀለም ጉዳይ ነው። ከውጭ የሚመጣው ጨርቅ የታተመበት ሥዕል የደረቀ የበቆሎ ማሳ ወይም የሸንበቆ ጥሻ ነው። የእኛ ሜዳ በጥቅምት አረንጓዴ ነው፤ በታኅሣሥ ይቀላቀላል፤ በጥር መጨረሻ ይገረጣል፤ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ዳክዬዎችም የሚቆዩት በእነዚሁ ወራት ነው። አንድ ሥዕል ለሦስቱም አይሆንም። ጆንያው ግን ሥዕል የለውም፤ የዕለቱን ሣር ስትሰኩበት የዕለቱን ሜዳ ይመስላል። ስለዚህ የተገዛም ቢሆን ስትመርጡ ሥዕሉን ትታችሁ ማሰሪያዎቹን ቁጠሩ፤ ብዙ ማሰሪያ ያለው ይሻላል።

የሚሰካውን ሣር በተመለከተ አደራ አለኝ። ቄጤማ በረግረጉ ላይ በነጻ የበቀለ ይመስላል፤ ግን እያጨዱ ለቡና ሥነ ሥርዓትና ለበዓል ጉዝጓዝ የሚሸጡ፣ በእርሱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ጭድም እንዲሁ የከብት ቀለብ ነው። ሁለቱንም በገንዘብ ግዙ። ከቆመው ረግረግ አትቁረጡ፤ ብዙ የውሃ ወፎች የሚደበቁትና ጎጆ የሚሠሩት በእርሱ ውስጥ ነው። በክረምት ባለ ዘውዱ ወፍ ጎጆ ባለበት አካባቢ ምንም ዓይነት ማድፈጫ አትትከሉ፤ በዓለም ደረጃ ቁጥሩ እየቀነሰ ያለ ወፍ ነው፤ አንድ ፎቶ አንድ ጫጩት አያህልም።

ቦታው ይወስን

የጤፍ ማሳ ላይ ከሆነና መሬቱ ከደረቀ በጆንያ የተሠራው የመኝታ ማድፈጫ። በቦዬና በሌሎች ረግረጎች ዳር ከውሃው ራቅ ብሎ ዛፍ ተጠግቶ የተተከለ የአጥር ማድፈጫ፤ ከነጋ በኋላ የሚገቡበት እንጂ በጨለማ የሚጠብቁበት አይሁን። በመንገድ ዳር ባጃጅ። በግልገል ጊቤ ሐይቅ ዳርቻ ያለው ነገር ለየት ይላል። በክረምቱ መጨረሻ ሞልቶ የነበረው ውሃ በበጋው ወደ ውስጥ እየሸሸ ሰፊ ባዶ ጭቃ ትቶ ይሄዳል፤ የሚጠጉበት ቁጥቋጦ የለም፤ ጭቃውም እግር ይውጣል። እዚያ የውሃው አፋፍ ድረስ መሄድ ትቼ ከላይ፣ ሣሩ ከሚያበቃበት መስመር ላይ፣ የአጥር ማድፈጫ ተክዬ በቴሌስኮፕ ማየትን መርጫለሁ። ክንፉ ላይ እንደ እሾህ የሾለ አጥንት ያለው፣ ከአፍሪካ ዝዮች ሁሉ ትልቁ የሆነው ጥቁርና ነጭ ዝይ በዚያ ርቀትም በደንብ ይለያል።

የትኛውንም ብትመርጡ አተካከሉ ያው ነው። ዳክዬና ዝይ የሚያርፉት ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ነው። ስለዚህ አዳኞቹ ነፋሱን ከጀርባቸው ያደርጋሉ፤ ወፎቹ ፊት ለፊት ወደ እነርሱ ይመጣሉ። ለፎቶ ፀሐይም ከጀርባ መሆን አለባት፤ ጠዋት ከወፎቹ በስተምሥራቅ መቀመጥ ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጩ እኔ ፀሐይን እመርጣለሁ፤ ጎኑን ሰጥቶ የሚያርፍ ዝይ በጥሩ ብርሃን፣ ፊቱን ሰጥቶ ከሚያርፍ ጥቁር ጥላ ይሻላል።

ዋዜማውን ባለ መሬቱን አግኙ። በዚህ አገር ሽማግሌን ሳያነጋግሩ መሬቱ ላይ ቆፍሮ መትከል ነውር ነው። «ሐጂ፣ ነገ ጠዋት ማሳዎ ላይ ወፍ ለማየት ይፍቀዱልን» ብሎ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ያ አንድ ሰዓት ግን ውሻ እንዳይለቀቅባችሁ፣ ልጆች እንዳይሰበሰቡባችሁ፣ ወፎቹ ትናንት የት እንዳረፉ እንድታውቁ ያደርጋል። አንድ ባለ ማሳ አዛውንት ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ አሉኝ፦ «ዝዮቹ ከዚያ ዋርካ ወዲህ አይመጡም፤ ለምን እዚህ ትተኛለህ?» ማድፈጫዬን 80 እርምጃ አዛወርሁት። ልክ ነበሩ።

አወጣጡም እንደ አገባቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወፎቹ ፊት ለፊታችሁ እየተመገቡ ከማድፈጫው ብድግ ካላችሁ ያንን ቅርጽ ለሁልጊዜ ከሰው ጋር ያያይዙታል፤ በማግስቱ አይጠጉትም። ጠብቁ። ሦስት ሰዓት ገደማ ከብቶቹ ወደ ሜዳው ይነዳሉ። ላሞቹ በእናንተና በወፎቹ መካከል ሲገቡ ቀስ ብላችሁ ተነሡ፣ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ጆንያውን ጠቅልላችሁ ትከሻ ላይ ጣሉና ከእረኛው ጎን ሆናችሁ በእርጋታ ሂዱ።